የቀለም ብዕር የመሰብሰብ ልክፍት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በፒያሳ ቡና ቤቶች፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢና በቤተሰብ ምሳ ላይ ለጸሐፊው ደጋግመው የቀረቡ ሲሆኑ፣ ወደ መጨረሻ ያሉትን የሚጠይቁት በአብዛኛው ባለትዳሮች ናቸው።

የቀለም ብዕር ከተራው እስክሪብቶ በምን ይለያል?

እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ኳስ ወፍራምና ቅባትነት ያለው ቀለም እያንከባለለ ወረቀቱን ይቀባል፤ በመሆኑም ጸሐፊው ጫን እንዲል ያስገድደዋል። የቀለም ብዕር ግን እንደ ውኃ የሚፈስ ቀለም ከሆዱ በቀጭን ቦይ አውርዶ፣ በብረት ጫፉ መካከል ባለው ስንጥቅ በኩል ወረቀቱን ሲነካ ብቻ ይለቃል፤ ጫና አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ጫና ያበላሸዋል። ቀለም በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት ስላለበት፣ ሁለቱ ሳይጋፉ የሚተላለፉበትን መንገድ ማበጀት ዋናው ፈተና ነበር። ሩማኒያዊው ፔትራኬ ፖዬናሩ በ1827 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ቢሆንም፣ ይህን የአየርና የቀለም ችግር በአስተማማኝ መንገድ ፈትቶ ብዕሩን ለገበያ ያበቃው በ1884 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው ሉዊስ ዋተርማን ነው።

ስለ ዋተርማን ሲነሳ፣ የኢንሹራንስ ውል ሊያስፈርም ሲል ብዕሩ ቀለም ደፍቶበት ደንበኛውን እንዳጣና በቁጭት የራሱን ብዕር እንደ ሠራ የሚነገር ታሪክ አለ። ታሪኩ ማስረጃ የሌለው የማስታወቂያ ወሬ ነው። ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ባጋጠመዎት ቁጥር አቋርጠው ለማረም ምላስዎን የሚበላዎት ከሆነ፣ ወደሚቀጥሉት ጥያቄዎች በጥንቃቄ ይለፉ።

የመጀመሪያው ምልክት ምንድን ነው?

ዓይን ከሰው ፊት ወርዶ ደረት ኪስ ላይ ማረፍ ነው። ጤነኛ ሰው የቆየ ፎቶግራፍ ሲያይ «ይህ ማን ነው?» ይላል፤ የተለከፈው ግን ቀስት የምትመስለዋን መንጠልጠያ አይቶ የኪሱ ብዕር ፓርከር መሆኑን፣ ነጭ ነጥብ አይቶ ሼፈር መሆኑን፣ የወፍ ምንቃር አይቶ ፔሊካን መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው የሰውየውን ስም የሚጠይቀው፤ ያውም ካስታወሰ። የፓርከር ቀስት ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣ በመሆኑ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት ሊነሳ እንደማይችል ለቤቱ ሰዎች ማስረዳት ይጀምራል፤ ማንም ግን አልጠየቀውም።

ጸሐፊው በአንድ ልቅሶ ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የሟች ፎቶግራፍ ላይ ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ በመቆየቱ፣ የሟች እኅት «በጣም ትቀራረቡ ነበር መሰለኝ» ብለው አብረውት አልቅሰዋል። በፎቶግራፉ ላይ የነበረው ፓርከር 51 ነበር።

ስንት ብዕር ሲኖረኝ ነው ልክፍት የሚባለው?

ቁጥሩ ብዙም አይነግርም። ሠላሳ ብዕር ኖሮት በጤና የሚኖር አለ፤ ሦስት ብቻ ኖሮት እንቅልፍ ያጣም አለ። አስተማማኙ መለኪያ ሰውየው ለሥራው ሲል ብዕር መያዙን ትቶ፣ ለብዕሩ ሲል ሥራ መፍጠር መጀመሩ ነው። በስልኩ ላይ የተመዘገበውን የአስቤዛ ዝርዝር በወረቀት ይገለብጣል፤ የገለበጠውን ደግሞ «ጽሑፉ አላማረም» በማለት እንደገና ይገለብጣል፤ ሽንኩርት ግን አልተገዛም።

ጸሐፊው በዚሁ ምክንያት በቸርችል ጎዳና በሚገኘው ዋና ፖስታ ቤት የመልእክት ሣጥን ተከራይቶ፣ አራት ኪሎ ለሚሠራ ጓደኛው ደብዳቤ መላክ ጀምሮ ነበር። የጓደኛው ቢሮ ከእርሱ ቢሮ በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ጓደኛው ሣጥኑን እንዲከፍት በስልክ ይነገረዋል፤ በዚሁ ስልክም የደብዳቤው ይዘት በሙሉ ይወራል።

በመሐል አዲስ አበባ የቆየ ብዕር የት ይገኛል?

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ ሰፊ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ፣ ከመስታወት ሣጥናቸው ጥግ ላይ ባለቤቱም የረሳው ብዕር ይገኝባቸው የነበሩ አሮጌ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ተበታትነዋል። አሁን ያለው ተስፋ በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሰዎች፣ መርካቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰዎች የቁም ሣጥን መሳቢያ ነው። ጡረታ የወጡ አጎት ያለው ሰው ሁሉ ሳያውቀው የብዕር ማዕድን ባለቤት ነው፤ የተለከፈውም ሰው በዓል በመጣ ቁጥር እኚህን አጎት ለመጠየቅ ድንገተኛ ፍቅር ያድርበታል።

ሌላው ምልክት በፒያሳ የወርቅ ቤቶች መካከል የሚያልፈው ሰው አካሄድ ነው። ሌላው ሰው የጋብቻ ቀለበት ሲያማርጥ፣ እርሱ ከኪሱ አጉሊ መነጽር አውጥቶ በአንዲት የብዕር ጫፍ ላይ 585 የሚል ቁጥር ይፈልጋል። ቁጥሩ ከሺህ እጅ 585ቱ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን፣ ማለትም 14 ካራት መሆኑን ያመለክታል። የወርቁ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግራም ስለማይበልጥ ወርቅ ሠሪውን አያጓጓውም። ወርቅ የተመረጠውም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞዎቹ አሲድ ያላቸው ቀለሞች የጊዜውን ብረት ይበሉት ስለነበር ነው። ዛሬ ዝገት የማይነካው ብረት ጫፍ በደንብ ይጽፋል፤ ይህን የሚያምን ሰብሳቢ ግን ገና በሽታው አልጠናበትም።

ጣቶቼ ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው ናቸው። ይህ ምልክት ነው?

ምልክት የሚሆነው ቀለሙን ሳይሆን ጥያቄውን ሲወዱት ነው። ምርጫ በሌለበት ዓመት በታክሲ ውስጥ «የት ነው የመረጥከው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ካፈረ ደህና ነው፤ «የለም፣ ይህ ሰማያዊ ጥቁር ነው፣ የምርጫው ቀለም ሌላ ነው» ብሎ ማስረዳት ከጀመረ ግን ወራጅ አለ የሚለው ተሳፋሪ ይበዛል።

ብዕር እንዴት ይታጠባል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርስ?

ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ይበቃል፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ቀለሙን እየመጠጡ መትፋት ነው። የፈላ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ አልኮልም አንዳንዱን የብዕር አካል ሊያቀልጥ ወይም ሊሰነጥቅ ስለሚችል ከመንገዱ መራቅ አለበት። ቀለም ሲለወጥና ብዕሩ ለሳምንታት ሳይጻፍበት ሊቀመጥ ሲሆን መታጠብ ይኖርበታል።

ምልክቱ የሚታየው በቅደም ተከተሉ ነው። ውኃ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ ቤተሰቡ በርሜል፣ ጀሪካንና ድስት ይዞ ይሯሯጣል፤ አንዱ ግን በሻይ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ ጥግ ላይ በመቀመጥ ብዕር ሲያጥብ ይገኛል። በዚያ ሌሊት በባልና ሚስት መካከል የሚነገረው ነገር በዚህ ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚችል አይደለም።

ለፊደላችን የሚስማማው የትኛው ጫፍ ነው?

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ነው። የብዕር ጫፎች በአብዛኛው ቀጭን፣ መካከለኛና ሰፊ ተብለው ኤፍ፣ ኤምና ቢ በሚሉ የላቲን ፊደላት ይለያሉ። ለላቲን ጽሑፍ መካከለኛው ይመቻል፤ የእኛ ፊደል ግን ዓይኑ ብዙ ነው። የመ ሁለት ዓይኖች፣ የፀና የዐ ክብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በኃምስ ፊደላት እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት በሰፊ ጫፍ ሲጻፉ በቀለም ይደፈናሉ። ቀለበቷ ስትደፈን ቤ ከቢ፣ ሌም ከሊ አይለይም፤ «ቤት» የጻፈ ሰው «ቢት» ተብሎ ይነበብለታል። ስለዚህ በተራ ደብተር ላይ ትንንሽ አድርጎ ለሚጽፍ ሰው ቀጭኑ ጫፍ ይሻላል። ቀጭን የሚባለውም እንደ አገሩ ይለያያል፤ ሴለር፣ ፓይለትና ፕላቲነም የተባሉት የጃፓን ፋብሪካዎች (በቅደም ተከተል በ1911፣ በ1918 እና በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ ናቸው) ብዙ ጭረት ላለው ጽሕፈታቸው ሲሉ ከአውሮፓውያኑ ቀጠን አድርገው ይሠራሉ።

ትልልቅ አድርጎ መጻፍ ለሚወድ ሰው ደግሞ ጫፉ እንደ መፍቻ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ብዕር አለ። ይህ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ስለሚሰጥ በብራና ላይ የምናውቀውን የቁም ጽሕፈት መልክ ያመጣል። በእርግጥ «ብዕር» የሚለው ቃልም የመጣው ከግዕዙ «ብርዕ» ሲሆን ትርጉሙ መቃ ወይም ሸምበቆ ነው፤ ጠርቦ ጫፉን የሰነጠቀው የብራና ጸሐፊ ከዋተርማን አስቀድሞ ስንጥቁን ያውቀው ነበር።

ምልክቱ የሚመጣው በሙከራው ላይ ነው። ጤነኛ ገዢ ብዕር ሲሞክር ስሙን ወይም ፊርማውን ይጽፋል። ጸሐፊው ግን ደፋኝ ዓይኖችን ሁሉ ለመፈተን ብሎ ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር አለው፤ «ቤቴ ሌሊት ፀጥ ይላል» የሚል ነው። ይህንኑ በአንድ ሱቅ ካርቶን ላይ በሰባት ብዕር ሰባት ጊዜ ከጻፈ በኋላ፣ ሻጩ ወጣት ለአፍታ አንብቦ በሐዘኔታ «ቀን ቀንስ፣ ጋሼ?» ብሎ ጠይቆታል።

የቤተ ክርስቲያኑን ጥቁር ቀለም በብዕሬ ልሙላ?

በፍጹም። በቀንድ ተሞልቶ ከመሬት የሚተከለው ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት በውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም። በመቃ እየተነከረ ሲጻፍበት ለዘመናት ሳይደበዝዝ ይኖራል፤ በቀጭን ቦይ ውስጥ ሲገባ ግን ደርቆ እንደ ጭቃ ይዘጋል። ለቀለም ብዕር የሚሆነው ቀለም ሟሟ ማቅለሚያ ያለበት ወይም ለዚሁ ተብሎ በጣም ደቅቆ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ፓርከር በ1931 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክዊንክ የተባለው ቀለም ዛሬም ይሠራል፤ ከከተማችን የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችም አልፎ አልፎ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ እያወቀ፣ የብራና ቀለም ለማግኘት ወዳጅነት የመሠረተ ሰው መዳኛ የለውም። በልዩ ልዩ ብልቃጥ ዘጠኝ ዓይነት ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ያለው ሰውም እንዲሁ፤ ለሌላው ሰው ዘጠኙም አንድ ናቸው፣ ለእርሱ ግን ሁለቱ «ወደ አረንጓዴ ያደላሉ»።

በባንክና በመሥሪያ ቤት ልጠቀምበት እችላለሁ?

ለፊርማ ይቻላል፤ ለቅጽ ግን ይጠንቀቁ። በሦስት ቅጠል ተደራርቦ የሚሞላ ደረሰኝና ቅጽ ጽሑፉን ወደ ታች የሚያስተላልፈው በጫና ነው፤ የቀለም ብዕር ደግሞ ጫና የለውም። ጸሐፊው በአንድ ባንክ የገንዘብ ማስተላለፊያ ቅጽ በሚያምር ጽሑፍ ሞልቶ ሲያቀርብ፣ የላይኛው ቅጠል ለግድግዳ የሚሆን፣ ሁለቱ የታችኞቹ ግን ንጹሕ ነጭ ነበሩ። ገንዘብ ተቀባይዋ በክር የታሰረውን ቢክ እስክሪብቶ በመስኮቱ በኩል ዝም ብላ ገፋችለት።

ርካሽ ወረቀትም ሌላ ጣጣ ነው፤ ቀለሙ በቃጫው እየተስፋፋ ከጀርባ ይወጣል፤ በክረምት ወረቀቱ እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ወረቀት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያሻሸ እንደ ነጠላ ጥራት የሚመረምር ሰው ካዩ የትኛው ማኅበር አባል እንደ ሆነ ያውቁታል።

ብዕሬ በአውሮፕላን ውስጥ ቀለም ይደፋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብዕር የሚደፋው በውስጡ ያለው አየር ከውጭው አየር ይልቅ ሲበረታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የተዘጋ አየር ግፊቱ ወደቀነሰበት ከፍታ ሲወጣ ይለጠጣል፤ መውጫ ሲያጣም ቀለሙን ወደ ፊት ይገፋል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ደግሞ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየራችን ግፊትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሱ ለብዕርዎ የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዱባይ ወይም ጅቡቲ ሲያርፉም አየሩ ይኮማተራል እንጂ አይገፋም። አደጋው ያለው በመልሱ ጉዞ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው ወደ ላይ ሲወጡ በብዕሩ ውስጥ ያለው አየር በሲሦ ያህል ሊለጠጥ ይችላል።

መፍትሔው ብዕሩን አየር እንዳይኖረው ጢም አድርጎ መሙላት ወይም ጨርሶ ባዶ ማድረግ፣ በጉዞውም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ ነው፤ ግማሽ የሞላ ብዕር ከሁሉ የከፋ ነው። በመኪናም ቢሆን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዋሽ ተሞልቶ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የወጣ ብዕር ሲከፈት ቀለም ሊያጎርፍ ይችላል። ለዘመዶች ከዱባይ ምን እንደ መጣ ሲጠየቅ፣ ስለ አየር ግፊት አሥር ደቂቃ የሚያስረዳ መንገደኛ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሸሚዙም ይመሰክርበታል።

ባለቤቴ ዋጋውን ብትጠይቀኝ ምን ልበል?

ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ መልስ «ይህ የቆየ ነው» የሚል ነው። መልሱ በጥብቅ ከተመረመረ ሐሰት አይደለም፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ብዕር ትናንት ቢገዛም የቆየ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሁሉንም ብዕሮች ጥቁር ማድረግ ነው፤ አሥር ጥቁር ብዕር ከሩቅ አንድ ብዕር ይመስላል።

ሁለቱም ዘዴዎች የሚከሽፉት በሚስት ብልሃት ሳይሆን በባል ኩራት ነው። የጸሐፊው ባለቤት አንድ ቀን ስለ ዋጋ ምንም ሳትል ብዕሮቹን አሰልፋ «ከእነዚህ ውስጥ የቱ ያምራል?» ብላ ጠየቀች። ጸሐፊው ያለ ማመንታት ያን ሳምንት የገዛውን አነሣ፤ የት እንደ ተገኘ፣ ስንት እንደ ተጠራና እስከ ስንት እንዳወረደው ሳይቀር ተረከላት።

«እስቲ ላንዳፍታ ብዕርህን አውሰኝ» ሲሉኝ እንዴት ልከልክል?

በእኛ አገር ብዕር መከልከል ውኃ እንደ መከልከል ነው፤ በተለይ ጠያቂው ታላቅ ከሆነ ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ነገር ግን ለዓመታት በእስክሪብቶ የለመደ እጅ የቀለም ብዕር ሲይዝ እንደ ገበሬ ሞፈር ይጫነዋል፤ ሁለቱ የጫፉ ክፍሎች ከተፈናቀሉ ደግሞ እንደገና ማስተካከል ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ጫፉን ወደ ታች ገልብጦ ይጽፍና «አይጽፍም እኮ» ብሎ ይመልሳል፤ ሳይመልስ በፊት ግን ያራግፈዋል፣ ያውም በነጭ ግድግዳ ፊት።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዚህ ሲሉ በሌላኛው ኪስ የሚዋስ ቢክ ይይዛሉ፤ እጃቸው ወደ እርሱ የሚፈጥንበት ፍጥነት የልምዳቸው ምስክር ነው። ጸሐፊው ይህን ዘዴ በጋብቻ ምስክርነት ላይ ሳያስበው ተጠቅሞበታል፤ ሙሽራው እንዲፈርም ቢኩን ሰጥቶ፣ እርሱ ራሱ በወርቅ ጫፍ ፈርሟል። ፎቶግራፉ አለ።

ከስብስቤ ውስጥ ለልጅ ወይም ለዘመድ መስጠት ይቻላል?

ይቻላል፤ ይመከራልም። በሣጥን ውስጥ ተሞልቶ የተረሳ ብዕር ቀለሙ ደርቆ ይዘጋል፣ የላስቲክ ከረጢት ያላቸው የቆዩ ብዕሮችም ከረጢታቸው ይጠነክርና ይሰነጠቃል፤ የሚጽፍበት ሰው እጅ ውስጥ መሆኑ ለብዕሩም ይበጀዋል። ለጀማሪ የሚሰጠው ግን ቀላል፣ ጫፉ ብረት የሆነና ቢወድቅ የማያስለቅስ ይሁን። ከባዱ ነገር መስጠቱ ሳይሆን ከሰጡ በኋላ አለመጠየቁ ነው።

ጸሐፊው ለአሥራ ሁለት ዓመት የእኅቱ ልጅ ሄሮ የተባለውን የሻንጋይ ፋብሪካ ብዕር ሰጥቶ ነበር። ልጅቷ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳይቀር በእርሱ ትሠራለች፤ አጎቷም ከወትሮው በተለየ ሁኔታ በየሳምንቱ እሑድ እየመጣ ደብተሯን ያያል፤ መልሱ ትክክል ይሁን አይሁን ግን አንድም ቀን አልተናገረም። ባለፈው እሑድ ሲመጣ የብዕሩ ክዳን ጠፍቶ አገኘው። «አይዞሽ፣ እኔ እፈልግልሻለሁ» ብሎ በማግሥቱ ክዳን ብቻ ለመግዛት ወደ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ሄደ፤ ክዳን አልነበረም፤ ክዳን ያላቸው ሁለት ብዕሮች ግን ነበሩ።